ዓሊ የጠየቀው ጥያቄ

በ1963 ዓ.ም. መስከረም ላይ ንፋስ መውጫ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ አሥረኛን የጨረሰ ልጅ መቀጠል ካሰበ ስንቁን ቋጥሮ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር መሄድ ነበረበት። ወሬው እንደተሰማ ከእስቴም ከስማዳም ልጆች መጡ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ገባ፤ የሌለው ሦስትና አራት እየሆነ አንዲት ክፍል ተከራየ። በገበያ ቀን ወላጆቻቸው ስንቅ በአህያ ጭነው ሲመጡ፣ የከተማው ሰው «የአሥራ አንደኛ ተማሪ ወላጆች ናቸው» እያለ መንገድ ይለቅላቸው ነበር።

ከክፍሉ ተማሪዎች ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ሐረገ ወይን ናት። አባቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ከከተማው ዳር ባለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ሰው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሊቅ ነበሩ። የልጃቸውም ጭንቅላት የሳቸው ነው ይባላል። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ካነበበችው ዓይኗን ጨፍና አንዲት ቃል ሳትስት ትወጣዋለች። በዚህ ችሎታዋ ከታች ክፍል ጀምራ አንደኛ ስትወጣ ኖራ፣ አንደኛነቱ እንደ ስሟ ሆኖባት ነበር። ዕረፍት ግን አይሰጣትም። አንድ ቀን ብትወርድ «ድሮስ ሴት» ለማለት የሚጠብቀው አፍ ብዙ እንደሆነ ታውቃለች።

ኬሚስትሪ የሚያስተምሯቸው ሚስተር ቫርጊስ ይባላሉ። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ትምህርት ቤት ይመደቡ ከነበሩት የህንድ መምህራን አንዱ ናቸው። ቀጭን፣ ትሑት፣ የንፋስ መውጫ ብርድ አልለመድ ብሏቸው ሹራብ በሹራብ ላይ የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ትምህርቱን አሳምረው ያውቁታል። ነገር ግን እንግሊዝኛቸው ይፈጥናል፤ አነጋገሩም ተማሪዎቹ ከለመዱት የተለየ ነው። ሰሌዳውን ሞልተው ሲጨርሱ ጠመኔውን ያስቀምጡና «ኢዝ ኢት ክሊር?» ይላሉ፤ ግልጽ ነው? ማለታቸው ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ፣ ሰር» ይላል። እሳቸውም ሰሌዳውን አጥፍተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ይህን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ? ተማሪው ሳይገባው ገባኝ ይላል። ታማሚው የመድኃኒቱ አወሳሰድ ሳይገባው ሐኪሙን እሺ ብሎ ይወጣል። ገበሬው የወረቀቱ ቃል ሳይነበብለት ጣቱን ያትማል። ጨዋነት ነው ተብለን ያደግንበት ነገር ነው። የንፋስ መውጫ ልጆችም ጨዋ ልጆች ነበሩ።

ኅዳር ላይ ሚስተር ቫርጊስ ሞል የሚባለውን ትምህርት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የኬሚስትሪ ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ክፍሉም እንደ ልማዱ መለሰ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣ። ዓሊ ይባላል፤ ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው የነጋዴው የአብደላ ልጅ ነው።

«ሰር» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ሞል ክብደት ነው ወይስ ቁጥር?»

መምህሩ ወደ እሱ ዘወር ብለው ራሳቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወዝወዝ አደረጉ። ተማሪዎቹ ይህን ሲያዩ ጥያቄው የማይሆን ጥያቄ ነው ያሉት መሰላቸው። ወዲያው ከፊት ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ ክፍሉም ተከተለ። ዓሊ ሳቁ እስኪያልፍ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ። አላልፍ ሲል ተቀመጠ። ሚስተር ቫርጊስም ልጁ ለቀልድ የተነሣ መሰላቸውና ፊታቸውን አጥቁረው ሰሌዳውን አጠፉ።

ሳቁን የጀመረችው ሐረገ ወይን ነበረች። ጥያቄው አስቂኝ ሆኖባት አይደለም። ዓሊ የጠየቀውን መልስ እሷም አላወቀችውም። የሞልን ትርጉም መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ልትወጣው ትችላለች። ክብደት ይሁን ቁጥር ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ከሁሉ በፊት ከሳቀች ታውቃለች ይባላል፤ የሳቀችው ለዚህ ነው።

ከክፍል ሲወጡ ከወገዳ የመጣው ገብረ ሚካኤል፣ ወሬ የማያልቅበት ልጅ፣ ዓሊን ያዘው።

«መምህር መጠየቅ እኮ አላስተማርኸኝም ብሎ መክሰስ ነው። ያልገባው ሰው ቤቱ ገብቶ ያነባል እንጂ በሰው ፊት ይቆማል?»

«ካልገባኝ ባነበውስ ያው አይደለም?» አለ ዓሊ።

«እንግዲያ ሱቅህ ውስጥ ተቀመጣ፣ አቶ ሞል።»

ስሙ በዚያው ተተከለ። በሳምንቱ የታች ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ትርጉሙን ሳያውቁት «አቶ ሞል» ይሉት ጀመር። ሱቁ ደጃፍ ሲያልፉም ይጮኻሉ። አብደላ «ምንድን ነው የሚሉህ?» ብለው ሲጠይቁት «ምንም አይደለም» ይላል። ሐረገ ወይን በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። ሲጠሩት ግን ሰምታ አንድም ቀን ተዉ አላለችም። ዓሊ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ትምህርት እጁን አላወጣም።

ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና መጣ። ሐረገ ወይን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ይዛው ገባች። ወረቀቱን ስታይ ግን ትርጉም ስጡ የሚል ጥያቄ የለበትም፤ ይህን ያህል ግራም ከሰል ሲቃጠል ስንት ግራም ጋዝ ይወጣዋል የሚሉ ስሌቶች ብቻ ናቸው። እሷ ስሌቱ በሚሠራበት ባዶ ቦታ ላይ የምታውቀውን ትርጉም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ጻፈች። ውጤቱ ሲነገር ከመቶ ሃያ ሰባት አገኘች። ከክፍሉ የበለጠው አርባ አራት ነው። ገብረ ሚካኤል ሃያ ሦስት፣ ዓሊ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርት ቤቱ ከዕረፍት ሲከፈት የዓሊ ወንበር ባዶ ነበር። አባቱ ሱቅ ውስጥ ጨው ሲመዝን አየነው የሚሉ ልጆች ወሬውን አመጡ።

ሐረገ ወይን ካርዷን መጀመሪያ ያሳየችው ለእናቷ ለወይዘሮ ካሣነሽ ነው። እናቷ ፊደል ባይቆጥሩም ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

«ለአባትሽ አሁን አትንገሪ» አሏት። «ተኝተሽ አይደለም፤ ስታነቢ አይቻለሁ። ለሚመጣው አብዝተሽ ሸምድጂና አንሺው። አላወቅሁም ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ። ሰው ድክመትሽን ካወቀ ዕድሜ ልክሽን በሱ ነው የሚጠራሽ።»

ይህን ስትሰማ ሐረገ ወይን ሱቁ ደጃፍ «አቶ ሞል» የሚለው የልጆች ጩኸት ትዝ አላት። የእናቷን ቃል ለመፈጸም ግን ሞከረች። የካቲትን ሙሉ ገና ሳይነጋ እየተነሣች መጽሐፉ ውስጥ የተሠሩትን ስሌቶች ከነቁጥራቸው ሸመደደች። መምህሩ በሚቀጥለው ፈተና ቁጥሩን ለወጡት፤ ከመጀመሪያውም ያነሰ አገኘች። የበለጠ መልፋት የበለጠ ሲጥላት ጊዜ ፈራች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቅኔ ተማሪዎቹ ወደየጎጇቸው ተበትነው፣ አባቷ ወይራው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ በኬሚስትሪ ወድቄያለሁ» አለቻቸው።

መሪጌታ አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካክለው «ምኑ ነው ያልገባሽ?» አሉ።

«ሞል የሚባል ነገር አለ።»

«ምን ማለት ነው?»

እንደ ውኃ በሚፈስ እንግሊዝኛ አንበለበለችው።

«ይህንስ ሰማሁት። በአማርኛ ንገሪኝ።»

አፏን ከፈተች፤ ምንም አልመጣላትም።  አባቷ «መምህሩን ጠየቅሻቸው?» አሏት።

«አልጠየቅሁም።»

«ቁጡ ናቸው?»

«አይደሉም። ልጆቹ ይስቃሉ ብዬ ነው።»

«ስቀውብሽ ያውቃሉ?»

«በኔ አይደለም። በዓሊ ነው የሳቁት፤ በጋሽ አብደላ ልጅ።»

«ማን ጀመረው?»

ሐረገ ወይን መሬት መሬቱን አየች። «እኔ» አለች።

 መሪጌታ እንዲህ አሏት፦ «እኔ ዘንድ ቅኔ ሊነግር የሚቀርብ ልጅ ስቶ ነው የሚጀምር። ካልሳተልኝ በምኑ አርመዋለሁ? ጓደኛው ሲስት የሚስቅ ካገኘሁ ግን ከጉባኤው የማስወጣው እሱን ነው። የሳተው ነገ ይቀናዋል፤ የሳቀው የስንቱን አፍ ይዘጋል። ያ ልጅ አሁን የት ነው?»

«ትምህርቱን ትቷል።»

«የወደቅሽው ትምህርት ይታረማል» አሉ አባቷ። «ይኸኛው ነው የከበደኝ።»

ቅዳሜ አብደላ ሱቅ ሄደች። አብደላ ጨርቅ እየለኩ ነበር። «የየኔታ ልጅ፣ ነይ ግቢ። አባትሽ ደኅና ናቸው?» ብለው ተቀበሏት። ዓሊን እንደምትፈልገው ስትነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትምህርቱ አልሆነለትም። እኔም ብዙ አልተጫንሁትም፤ ሰው በሚችለው ይውላል።»

«የማይችል ሆኖ አይደለም፣ ጋሽ አብደላ» አለች። ሌላ መጨመር ፈልጋ አፈረች።

ዓሊ ከጓሮው በር አጠገብ የጨው ከረጢት ሲሰፋ አገኘችው። ቀና ብሎ አያትና ሥራውን ቀጠለ።

«ምን ልስጥሽ?»

«ልገዛ አልመጣሁም። ያን ቀን የጠየቅኸውን ነገር እኔም አላውቀውም ነበር።»

መርፌውን አቆመ። «አሁንስ?»

«አሁንም አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ሳቅሽ?»

«እንዳይታወቅብኝ።»

 ዓሊ ከረጢቱን አገላበጠ። «ለኔ ነገርሽኝ» አለ። «የሳቀብኝ ግን ክፍሉ ነው። ክፍሉ ይህን አልሰማም።»

ያ ቃል እሑድን ሙሉ አብሯት ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሚስተር ቫርጊስ አስተምረው ጠመኔውን አስቀመጡና የተለመደውን ጠየቁ። ክፍሉ መለሰ። ሐረገ ወይን ከወንበሯ ተነሣች።

«ኖ፣ ሰር» አለች።

ገብረ ሚካኤል ሳቅ ጀመረ። ከሱ በቀር ግን የሳቀ አልነበረም፤ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ምን ሆነች ብለው ሁሉም ደንግጠዋል። የሱም ሳቅ ብቻውን ሆኖ ቀረ።

«ያልገባሽ ምኑ ነው?» አሉ መምህሩ።

«ሞል ክብደት ነው ወይስ ቁጥር?»

ሚስተር ቫርጊስ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አስታወሱ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሩና «እጃችሁን አውጡ። የገባው አይደለም፤ ያልገባው» አሉ። መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሴት ታደለች፣ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ልጅ፣ እጇን አነሣች። ከሷ በኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያም ክፍሉ በሞላ። ገብረ ሚካኤልም እጁን እስከ ጆሮው ድረስ አወጣ።

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ያ ልጅም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ያን ዕለት ለምን ሳቃችሁ?»

«ራስዎን ሲነቀንቁ አይሆንም ያሉት መሰለን» አለ አንዱ።

«እኔ ግን ለዚያ አልሳቅሁም» አለች ሐረገ ወይን አሁንም እንደቆመች። «መልሱን ስለማላውቅ ነው የሳቅሁት። እሱ ከኛ ይሻል ነበር።»

ሚስተር ቫርጊስ ራሳቸውን እንደዚያ ቀን ወዝወዝ አደረጉና አሳዩአቸው። «በአገሬ ይህ ጥሩ ነው፣ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው» አሉ። ወደ ባዶው ወንበር ተመለከቱ። «እኔም አጥፍቻለሁ። ይህን ሁሉ ወር የስ ስትሉኝ፣ አንድ ቀን እንኳ እስቲ አሳዩኝ አላልኋችሁም።»

በማግስቱ እያንዳንዱ ተማሪ ባቄላና ምስር ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ከየዓይነቱ መቶ መቶ ፍሬ አስቆጠሯቸውና በላቦራቶሪው ሚዛን አስመዘኗቸው። ቁጥሩ እኩል ነው፤ የባቄላው ክብደት ግን የምስሩን ብዙ እጥፍ ሆነ። «አንድ ኩንታል ባቄላ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ብጠይቃችሁ ማን ይቆጥረዋል?» አሉ።

«የመቶውን ክብደት ካወቅን መቁጠር ምን ያደርጋል? መዝነን እናገኘዋለን» አለ አንድ የእስቴ ገበሬ ልጅ።

የሞልም ነገር ይኸው ነበር። አተሞች ከማነሳቸው የተነሣ አይታዩም፣ አይቆጠሩም። ስለዚህ በሚዛን ይቆጠራሉ። አሥራ ሁለት ግራም ካርቦን ውስጥ ያሉት አተሞችና አሥራ ስድስት ግራም ኦክስጅን ውስጥ ያሉት አተሞች በቁጥር እኩል ናቸው፤ ክብደታቸው የሚለያየው እንደ ባቄላውና እንደ ምስሩ ነው። ተማሪዎቹ በአማርኛ ተከራከሩ፤ መምህሩም አልከለከሏቸውም። እርስ በርሳቸው በቋንቋቸው ሲግባቡ አንዱ ተነሥቶ ለመምህሩ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስተር ቫርጊስ ገባችሁ ወይ ብለው መጠየቃቸውን ተዉ። በዚያ ፈንታ አንድ ተማሪ ጠርተው «አንተ አስተምረን» ማለት ጀመሩ።

ሐረገ ወይን መልሱን ያንኑ ዕለት ይዛ ሱቅ ሄደች። ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ከነገረችው በኋላ ባቄላውንና ምስሩን በሚዛኑ ላይ እያደረገች አስረዳችው። ዓሊ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ስለዚህ ቁጥር ነው» አለ። «በሚዛን የሚቆጠር ቁጥር።»

«አዎ።»

«ይኸን ለማወቅ ነበር የጠየቅሁት» አለና ምስሩን በእጁ ጠርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ አብደላም ፈቀዱ። መሪጌታ ተክለ ማርያም መጥተው «እኔም አብሬዎት ልሂድ» ስላሏቸው፣ ሁለቱ አባቶች ጎን ለጎን ሆነው ዲሬክተሩ ዘንድ ገቡ። ዲሬክተሩ በአክብሮት አስተናገዷቸው፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው። ዓሊ ከተፈቀደው በላይ ስለቀረ የዓመቱን ፈተና አይፈተንም። በመጪው መስከረም አሥራ አንደኛን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ብቻ ተፈቀደለት።

ሌሎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ማጥናት ያዙ። የተሳሳቱትን ስሌት ደብቀው የሚያመጡ አልቀሩም፤ ግን እያደር የየራሳቸውን ስሕተት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለመዱ። ዓሊም ሱቁ ፋታ ሲሰጠው ይመጣ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠይቀው እሱ ነው። እሱ ሲጠይቅ እናውቀዋለን ብለው ያለፉት ነገር እንደ አዲስ ይከፈትባቸዋል።

ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ሐረገ ወይን በኬሚስትሪ ስድሳ ስድስት አግኝታ ከክፍሉ አራተኛ ወጣች። ገብረ ሚካኤል አምሳ ሁለት አገኘ። አንደኛ የወጣችው ያቺ ዝምተኛዋ ታደለች ናት። አራተኛ መውጣቷ ሐረገ ወይንን ያሳዝናታል ብለው ወይዘሮ ካሣነሽ ሠግተው ነበር። እሷ ግን ካርዱን ለአባቷ ሰጥታ፣ ስድሳ ስድስቱ ከየት እንደመጣ በአማርኛ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። መሪጌታም ያልገባቸውን እያስቆሙ ጠየቋት።

ከዚያ ወደ ሱቁ ወረደች። ዓሊ ውጤቷን ጠይቆ ሲሰማ «ደግ ነው» አለ።

«አንድ ዓመትህን ወሰድሁብህ» አለችው።

«አዎ፣ ወሰድሽብኝ» አለ ዓሊ። በድምፁ ቂምም ማባበልም አልነበረበትም። «በመስከረም ከታናናሾቼ ጋር ነው የምቀመጥ። ከነሱ አንዱ ለመጠየቅ ሲነሣ የሚስቅበት ካለ ግን፣ እዚያ እኔ አለሁ።»

ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችም ሆይ፣ ልጆቻችን በትምህርታቸው ሲወድቁ ሰነፉ፣ አእምሮ የላቸውም እንላለን። ብዙዎቹ የሚወድቁት ግን «አልገባኝም» የሚለውን ቃል የሚናገሩበት ቦታ ስላጡ ነው። ያን ቦታ የምናሳጣቸው እኛ ነን፤ አንዳችን በቁጣ፣ አንዳችን በፌዝ፣ አንዳችን ደግሞ ሌላው ሲፌዝ ዝም በማለት። ሐረገ ወይን ስሕተቷን በአደባባይ ስለተናገረች በአራት ወር ውስጥ ውጤቷ ተሻሻለ። የዓሊን ዓመት ግን መሪጌታም፣ አብደላም፣ ዲሬክተሩም ሊመልሱለት አልቻሉም።